ማረሻው ይግባ፣ ሠሪው ይውጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንግዲህ እፎይ በይ» ይለኛል። እፎይ አላልኩም። ተናድጃለሁ። የሥራ ዘመኔን በይፋግና በወረታ ታሪክ ሳስተምር ነው የጨረስኩት። ከሁሉም አብልጬ የማስተምረው የጥንቱን ሰው መሣሪያ ነበር፤ ከባልጩት ወደ መዳብ፣ ከመዳብ ወደ ነሐስ፣ ከነሐስ ወደ ብረት እንዴት እንደተሻገረ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ብረት የሰውን ልጅ ኑሮ ለወጠ» ብለው ይጽፉና ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። ከዚያ ከግቢው ይወጡና ብረት ቀጥቃጩን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። እንግዲህ ይህን ይዤ እንዴት ነው እፎይ የምለው?

ትውልዴ ወሎ ነው። ከማሠልጠኛ ስወጣ ዕጣዬ ይፋግ ደረሰ። ክረምት ነበር፤ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት ባሕር መስሏል። ጭቃው ጫማዬን ከእግሬ ላይ ነጥቆ አስቀረው። ደመወዝ ሲዘገይ የምንበላው ተበድረን ነበር፤ እሱን ማን አስታውሶ። የማስታውሰው መምህር አስናቀን ነው።

መምህር አስናቀ በትምህርት ቤቱ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ የታሪክ መምህር ነበር። የካኪ ኮቱ ኪስ ሁልጊዜ የተቀደደ ነው፤ ድንጋይ ስለሚሸከምበት። ባዶ እጁን ክፍል ገብቶ አያውቅም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከኪሱ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ባልጩት አውጥቶ በሌላ ድንጋይ ጠርዙን መታ አደረገው። ስስ ስባሪ ፈልቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በዚያ ስባሪ የደረቀ የበሬ ቆዳ ቦጨቀና «ምላጭ ነው ወይስ ድንጋይ?» አላቸው። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው ከበቡት።

ያስተማረኝ ብዙ ነው። ዕቃውን ከማሳየቱ በፊት ተማሪዎቹን ዓይናቸውን ያስጨፍናቸዋል። እየተቀባበሉ ይዳስሳሉ፤ ክብደቱን፣ ቅዝቃዜውን፣ የት ላይ እንደሚይዙት እጃቸው ራሱ ይፈልጋል። ከዚያ «ይህ ሳይኖር ሰው እንዴት ያድር ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ እስኪመጣ አይናገርም፤ ክፍሉ ጸጥ ቢል፣ ደወል ቢደወል እንኳ ይጠብቃል። «ኋላ ቀር» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። እኔ አንድ ጊዜ ስለ ድንጋይ ዘመን ሰው «ኋላ ቀር ነበር» ብዬ ሳስተምር በመስኮት ሰምቶኝ በዕረፍት ሰዓት ጠራኝና፣

«አንቺ ልጅ፣ ከባልጩት ምላጭ ማውጣት ትችያለሽ?» አለኝ።

«አልችልም።»

«እንግዲያው ከሰውየው ኋላ የቀረሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ በረንዳው ላይ ድንጋይ እንድመታ አደረገኝ። ጣቴን ስንት ጊዜ ቆረጠኝ! ስለ ብረትም ያስረዳኝ እሱ ነው። የጥንት ምድጃ ብረትን እንደ ውሃ አያፈሰውም ነበር። ከቀይ አፈርና ከከሰል መሃል እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ነው የሚወጣው። ቆሻሻው የሚለቀው በመዶሻ ሲደበደብ ነው። «ብረትን ብረት ያደረገው እሳት ብቻ አይደለም፤ የሰው ክንድ ነው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ጠየቅሁት። ማረሻና ማጭድ ክፍል ውስጥ እናስገባለን፤ ለምን ሠሪውን አናስገባም? ይፋግ ገበያ ዳር ወናፍ ይነፋ የለም እንዴ?

መምህር አስናቀ ባልጩቱን ኪሱ ከተተ። «እኔ አልደፈርኩም» አለ። እወደው ነበር፤ ዛሬም ነፍሱን ይማር እላለሁ። ግን እሱም ያናድደኛል።

ወደ ወረታ ሁለተኛ ደረጃ የተዛወርኩት ሩዙ ሜዳውን በሞላበት ዘመን ነው። ከተማዋ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኝባት ናት፤ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት ቀኑን ሙሉ አይቋረጥም። አለቃዬ የሆነው ርዕሰ መምህር ስሙን አልጠራውም። ሥራ ያውቃል፣ ንግግር ያውቃል፤ ሰው ፊት ሲቆም ልብስ እንኳ የሚያምርበት ሰው ነው። ሰው የማያኮርፍበትን መንገድ መፈለግ ግን ከሥራው ሁሉ ይበልጥበታል።

ዘጠነኛ ክፍል ካስተማርኳቸው መሃል የሺ የምትባል ልጅ ነበረች። እጇን አውጥታ ሳልጠራት የምትመልስ፣ ስቆጣት የምትስቅ። ስለ ብረት ሳስተምር ተነስታ፣

«ቲቸር፣ አባቴ ባለ እጅ ነው። ወናፉን ይዞ ይምጣ?» አለች።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በእኛ አገር ባለ እጅ ማለት ብረት ሠሪው ነው፤ ከጀርባው ግን ቡዳ ይሉታል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። የሺ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። አውቃ ነው የተናገረችው። አጠገቧ የምትቀመጠው ትርንጎ ብቻ «ይምጣ! ይምጣ!» ብላ አጨበጨበች። ሁለቱ አይለያዩም ነበር።

አባቷ አያ ገበየሁ ይባላል። ከገበያው ዳር፣ አዳሪ መኪኖች ከሚቆሙበት ወዲያ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው የሚሠራው። ሄጄ ስጠይቀው ጉጠቱን በእጁ አገላበጠ።

«እትዬ፣ ልጄ ናት ያስቸገረችዎ?»

«እኔም እፈልጋለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ትምህርት ነው ይላል» አልኩት። አምኜ ነበር እኮ!

መጣ። ንጹሕ ነጠላ ለብሶ፣ ከፍየል ቆዳ የተሠሩትን ሁለት ወናፎች በትከሻው ተሸክሞ። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ከሰል ሞላበት። የወናፉን የሸክላ አፍ ከሰሉ ሥር ቀበረው። አንዱን ወናፍ ሲጫን ሌላውን ያነሳል፤ ትንፋሹ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የያዘው ብረት ከተሰበረ መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ነበር። መጀመሪያ እንደ ደም ቀላ፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ሆነ። ያን ጊዜ በጉጠት አወጣና መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አሳርፎ ቀጠቀጠው። ሲቀዘቅዝ ይመልሰዋል፣ ሲግል ያወጣዋል። ተማሪዎቹ ፊት ማጭድ እየታጠፈ ተወለደ። ውሃ ውስጥ ሲነክረው ጆሮውን አዘንብሎ ድምፁን አዳመጠ። ከዚያ በእርጋታ ለተማሪዎቹ፣ አያቱ ቀይ ድንጋይ ከጋራ አምጥተው በምድጃ ብረት ያወጡ እንደነበር፣ እሱ ግን ምድጃውን ያየው በልጅነቱ፣ ፈርሶ ሳር በቅሎበት እንደሆነ ነገራቸው። «ዛሬ ድንጋዩን ትቶ ባሌስትራ ይሻላል» አለና ሳቀ። ልጆቹም ሳቁ።

ትርንጎ ወናፉን ልንፋ ብላ ለመነችው። አስያዛት። የሺ ከአጠገባቸው ቆማ አባቷን ትመለከት ነበር፤ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም።

ሩዝ ሲበስል በፎገራ ወባ ይነሳል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ከሳምንት በኋላ ትርንጎ ክፍል ውስጥ እንዳለች ተንቀጠቀጠች። ትኩሳቷ እንደ እሳት ነው። የመምህራን ማረፊያ ወስደን አስተኛናት። መቃዠት ጀመረች። ስትቃዥ «የሺ! የሺ!» ብላ ጮኸች።

አንዷ መምህርት ደረቷን ያዘች። «ለፈለፈች!» አለች።

ለማያውቅ ልንገር። ቡዳ በላው የሚሉትን በሽተኛ «ማን ነው የበላህ?» ብለው ያስጨንቁታል፤ ሲለፈልፍ የጠራው ስም የበላተኛው ነው ይላሉ። ከዚያ በላተኛ የተባለውን ይዘው እንዲተፋበት ያደርጋሉ፤ ሲተፋበት ይለቀዋል ይላሉ። ይህ ወሬ ከበር እስከ በር ለመድረስ የባጃጅ ፍጥነት አላስፈለገውም። የትርንጎ አጎት ዘመዶቹን አስከትሎ ዱላውን ይዞ ግቢው ውስጥ ገባ። እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ትጮሃለች።

«ወባ ነው!» አልኩ። «ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ባጃጅ በር ላይ አለ!»

«ጤና ጣቢያው የትም አይሄድ» አለ አጎትየው። «መጀመሪያ የበላቻት ትትፋባት።»

ርዕሰ መምህሩን ተመለከትኩት። እሱ ሰዎቹን ተመለከተ፤ ብዛታቸውን፣ ዱላቸውን። ከዚያ የሺን ከክፍል አስጠራት።

የባዮሎጂ መምህሩ እዚያው ቆሞ ነበር። ያን ሰሞን ስለ ወባ ትንኝ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥሎ አስተምሯል፤ ሥዕሉ ገና አልጠፋም። ክንዱን ያዝኩት። «አንተ ተናገር እንጂ!»

«እትዬ ዘነበች፣ ባህል ነው። ምን ብዬ ልናገር?» አለኝና ክንዱን አስለቀቀ።

የሺ ገባች። ሁሉም ሰው አንድ እርምጃ ሸሸ። ርዕሰ መምህሩ ድምፁን አለስልሶ፣ ልክ ስለ ፈተና እንደሚያስረዳት፣ «ልጄ፣ ምንም አይደለም፤ አንድ ጊዜ እንትፍ በይና እንገላገል» አላት።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ልትፋ?»

«እንዳትተፊ!» አልኩ። «ከተፋሽ አዎ ማለትሽ ነው። እንዳትተፊ!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ!» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ይህን ሁሉ ያመጡት እርስዎ ነዎት። ደም ቢፈስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

አጎትየው ዱላውን ከፍ አደረገ። እኔ በመሃል ገባሁ። ያን ጊዜ አያ ገበየሁ እየሮጠ ደረሰ፤ የከሰሉ ጥላሸት ፊቱ ላይ ነው። ሰዎቹን አየ፣ ዱላውን አየ፣ ልጁን አየ። የምናገረውን ሊሰማኝ አልፈለገም።

«ትፊ ልጄ» አላት። «ትፊና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

የሺ በትርንጎ ላይ ጎንበስ አለች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ምንም አልወጣም። በድንጋጤ አፏ ደርቆ ነበር። እንደገና ሞከረች። አሁንም የለም። ሰዉ አጉረመረመ፤ «እንቢ አለች» የሚል ተሰማ። ርዕሰ መምህሩ የግቢውን ዘበኛ፣

«ውሃ አምጣላት» አለው።

ውሃ መጣላት። ጠጣች። ተፋች።

በሥራ ዘመኔ ክፉ ነገር አላየሁም አልልም። ጦርነትም አይተናል፣ ክፍሉ በስደተኛ ሲሞላም አይተናል። ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አፏ በፍርሃት ደርቆ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መምህራን ቆመው እያዩ፣ ቡዳነቷን እንድታምን ውሃ ሲመጣላት ያየሁትን ያህል ምንም አላናደደኝም።

ትርንጎን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ደሟ ታየ፤ ወባ ነው። መድኃኒት ወሰደች፣ ዳነች። ከተማው ምን አለ? «የሺ ስትተፋባት ለቀቃት!»

ትርንጎ ድና ስትመለስ ጠየቅኋት። «ስሟን ለምን ጠራሽ?»

«ጠምቶኝ ነበር፤ ውሃ እንድታመጣልኝ ነው እንጂ» አለች፤ አለቀሰች። ይህንኑ ለአጎቷም ነግራዋለች። አልሰማትም። ለርዕሰ መምህሩ እኔ ይዣት ገብቼ አስነገርኩት። «ጉዳዩ ተዘግቷል፤ አታንሱት» አለን። ወረዳ ድረስ ሄጄ አመለከትኩ፤ በሽምግልና ይታይ ተባልኩ። ሽማግሌ አልተቀመጠም። ለእኔ ግን ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ያለ ፈቃድ የውጭ ሰው ግቢ አስገብተሻል ተብሎ።

የሺ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በሦስተኛው አያ ገበየሁ ከደጅ ተቀበለኝ። ይግቡ አላለኝም።

«እትዬ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት» አለኝ። «ግን ከእንግዲህ አይምጡብን። እርስዎ በመጡ ቁጥር ሰው ያየናል፣ ነገሩን ያስታውሰዋል።»

«ልጅቱስ? ትምህርቷስ?»

«ትምህርት ቤቱ ነው እኮ ያስተፋት» አለ። በሩን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ ዳሱን አፍርሶ ቤተሰቡን ይዞ ከወረታ ወጣ። ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አጣሁ።

በዚያ ዓመት መኸር ገበሬው ሩዙን ያጨደው በማን ማጭድ ነው? በአያ ገበየሁ ማጭድ። በቀጣዩ ክረምት መሬቱን የገለበጠው በማን ማረሻ ነው? ማረሻው ቤት ይገባል፣ ከአልጋ ሥር ይቀመጣል፣ ልጅ ያሳድጋል። ሠሪው ግን ለጠላ እንኳ ሌላ ጣሳ ነው የሚቀርብለት። የዓለም ታሪክ የሚባለውን አስተምሬአለሁ፤ ከባልጩት እስከ ብረት ያደረሰን ሰው እንዲህ እንዲዋረድ የሚያዝ ምዕራፍ ግን አላገኘሁም።

ማስተማሬን ቀጠልኩ። ያን ምዕራፍ ባስተማርኩ ቁጥር የሆነውን ሁሉ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ እጁን ያወጣና «ግን ቲቸር፣ ቡዳ እኮ አለ» ይለኛል። ለእሱም ታግሼ አስረዳለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነው የምጮኸው።

ርዕሰ መምህሩ አደገ። ወረዳ ገባ፣ ከዚያም ወደ ላይ። እኔ በጡረታ ስሰናበት የክብር እንግዳ ሆኖ የመጣው ማን ይመስላችኋል? ሸብቷል፤ ንግግሩ ግን እንዳማረበት ነው። ተነስቶ ስለ ሀገር በቀል ቴክኖሎጂ ተናገረ። አባቶቻችን ብረት አቅልጠው አርሰው እንዳበሉን፣ የእጅ ጥበብን ማክበር እንዳለብን፣ እትዬ ዘነበችም ይህን ለትውልድ እንዳስተላለፉ። ተጨበጨበ።

ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ። ያዘጋጀሁትን ምስጋና ተውኩት። «አንድ ባለ እጅ እዚህ ግቢ መጥቶ ነበር» ብዬ ጀመርኩና ከወናፉ እስከ ውሃው ድረስ ነገርኳቸው። «ውሃ አምጣላት ያሉት የዛሬው የክብር እንግዳችን ናቸው» አልኩ። ወጣቶቹ መምህራን ወደ እሱ ዞሩ። የባዮሎጂ መምህሩ፣ እሱም እንደኔ አርጅቷል፣ አንገቱን ደፋ።

የክብር እንግዳው አልደነገጠም። ማይክሮፎኑን ተቀብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ግቢውን ከደም ነው ያዳንኩት። ልጅቱስ ቢሆን ዳነች አይደለም?» አለኝ።

«የትኛዋ?» አልኩት።

ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔም ቁጭ አልኩ። ምሳው ቀረበ፤ ሰው በላ። ነገሩ እንዲሁ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ትርንጎ ደወለችልኝ። ንግግሬን ከሰው ሰምታለች። የሺ ወንዛዬ አካባቢ ባለ እጅ አግብታ እንደምትኖርና ሸክላ እንደምትሠራ ነገረችኝ። ለካ ሁለቱ ከተገናኙ ቆይተዋል! ጉልበቴንም ስለሚያመኝ የወንዛዬ ፍል ውሃ ይሻለኛል ብዬ ሄድኩ።

ፍል ውሃው መውረጃ ላይ ማሰሮና ጀበና ደርድረው ከሚሸጡት ሴቶች መሃል አገኘኋት። ወዲያው አወቀችኝ። ተነስታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ብዙ አወራን። አባቷ ከወረታ ከወጣ በኋላ እንደገና ዳስ ሠርቶ እንደነበር፣ ዓይኑ እየደከመ እንደሄደ፣ አሁን በሕይወት እንደሌለ ነገረችኝ። ትልቋ ልጇ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ሆና ትማራለች።

«አባትሽ ምን ይሠራል ቢሏት ነጋዴ በይ ብያታለሁ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ለምን ትዋሻለች? ምን አጥፍታ ነው የምትደበቀው?»

የሺ አልተቆጣችም። የምትሸጠውን ማሰሮ ጠርዝ በመዳፏ እየጠረገች፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ይቆጡ፤ ያምርብዎታል። እኔ ልጄ ትጨርስልኝ» አለችኝ።

ምን እላታለሁ? ቆየት ብዬ ይህን ታሪክ ልጽፈው እንዳሰብኩ ነገርኳትና ፈቃዷን ጠየቅኋት። ወደ መንገዱ ተመለከተች።

«የኔን ስም ይቀይሩት» አለችኝ። «የአባቴን ግን እንዳለ ይጻፉ። እሱ ሞቷል፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አያደርገውም።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። የሺ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ገበየሁ ግን እውነተኛ ስሙ ነው።